ዋኒትና የላይ ቤቱ ሙቀጫ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «በረቱ ክፍት ነው፣ አስገባው!» በሉኝ እንጂ፤ ምን ታፈጣላችሁ?

እሺ፣ እንግዲህ ስሙኝ። ስትሰሙ ግን ወሬያችሁን አቁሙ። የማወራችሁ የጩኸት ነገር ስለሆነ ሌላ ጩኸት አትጨምሩበት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳቱም ዕቃውም እንደ እኛ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ አጠገብ አንዲት ትልቅ ዋርካ ነበረች። ዛፍ ትባል እንጂ ቤት ነበረች። ያውም ፎቅ ቤት! ከሥሯ እስከ ጫፏ ነዋሪ ሞልቶባታል። ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አቶ እስስት ይኖራሉ። ከእሳቸው ከፍ ብሎ፣ በግንዱ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ዋኒት የምትባል ዋኔ፣ የርግብ ዘመድ፣ ትኖራለች። ልክ ከዋኒት ራስ በላይ፣ ግንዱ ለሁለት በሚከፈልበት ሰፊ ቦታ፣ አያ ጦጣ ከሚስቱ ከጦጢትና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራል። ከጦጣዎቹ በላይ አቶ ቁራ አሉ። ከሁሉም በላይ፣ ከጫፉ ላይ፣ አባ ጉጉት ናቸው። የአንዱ ወለል ለሌላው ጣሪያው ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ከታች ያለው «ይማርህ!» ይላል። እንዲህ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት።

የዋኒት ባል በቅርቡ በጭልፊት ተወስዷል። የቀሩላት ሁለት ጫጩቶች ናቸው፤ ሴቷ ወለላ፣ ወንዱ ጥላዬ። ላባቸው ገና አልወጣም። መብረር አይችሉም፤ መጮህ ብቻ ነው የሚችሉት። ዋኒት በዚህ ዓለም ላይ ከእነሱ ሌላ ምንም የላት።

ከዋርካዋ ፊት ለፊት ኩይሳ አለ። ኩይሳው ውስጥ እባብ አለ። እባቡ ቀለሙ ቁርጥ የግንዱን ቅርፊት ስለሆነ ሲወጣ በዓይን አይታይም፤ በጆሮ ነው የሚያዘው። ደረቅ ቅርፊት ላይ ሲሳብ «ሽርርር» ይላል። ዋኒት ያቺን ድምፅ የሰማች እንደሆነ ክንፏን ታማታለች፣ ትጮኻለች፤ ዛፉ ሁሉ ብድግ ይላል፤ ጦጣዎቹ ያገኙትን ይወረውራሉ፤ እባብም አፍሮ ወደ ኩይሳው ይመለሳል። እናቷ ያስተማረቻት ይህንኑ ነበር። «ልጄ» ብላታለች፣ «ጥፍር የለሽም። መንቁርሽም ጤፍ ከመልቀም አያልፍም። ያለሽ ጆሮ ነው። ጆሮሽን ጠብቂ።»

ታዲያ አንድ ቀን አያ ጦጣ ሙቀጫ አገኘ።

ከወንዙ ማዶ የነበሩ ሰዎች ሰፈር ለቀው ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነው፤ ከወይራ የተፈለፈለ አሮጌ ሙቀጫ፣ ከነዘነዘናው። አያ ጦጣ በሐረግ አሰረው። እሱ ከላይ እየጎተተ፣ ጦጢትና ልጆቹ ከታች እየገፉ፣ ዋርካዋ ላይ አወጡትና ከዋኒት ጣሪያ በላይ ተከሉት። የደረቀ የዋርካ ፍሬ ይወቅጡበት ጀመር።

ዱም! ዱም! ዱም!

ጠዋት ዱም! እኩለ ቀን ዱም! ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዱም! የዋኒት ቤት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከጣሪያው የእንጨት ብናኝ በጫጩቶቹ ዓይን ውስጥ ይወርዳል። ዋኒትም ጆሮዋን ብታቆም ዱም፣ አንገቷን ብታወጣ ዱም። ቅጠል ሲወድቅ አትሰማም። ነፋስ ሲነፍስ አትሰማም። ሌላውንም ድምፅ አትሰማም።

መጀመሪያ ዝም አለች። «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ይሰለቻቸዋል» አለች። አልሰለቻቸውም። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ብላ ብድግ አለች። ደግሞ ቁጭ አለች።

ነገሩ ጦጣዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ክፉዎች ቢሆኑማ ምን ችግር ነበረ! ክፉ ጎረቤት ላይ መጮህ ቀላል ነው። እነዚህ ግን ባሏ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የተቀመጡላት ናቸው። ጦጢት ከጎኗ ሳትለይ ሰንብታለች። አያ ጦጣም ዝናብ እንዳይገባባት ደጇን በቅጠል ሸፍኖላታል። «ታዲያ እነሱን እንዴት አድርጌ ‹ዝም በሉ› እላቸዋለሁ?» አለች ዋኒት። «ባሏ ሲሞት አብረናት አለቀስን፣ ዛሬ በገዛ ቤታችን መውቀጥ ከለከለችን አይሉኝም?» ይሉኝታ ያዛት። ይሉኝታ ደግሞ አንዴ ከያዘ ማን ያስለቅቀዋል?

በመጨረሻ ቆረጠች። «እሄዳለሁ፤ ግን እንደ ጨዋ እሄዳለሁ።»

እንደ ጨዋ የሚሄድ ባዶውን አይሄድም። አንድ ዘለላ ዳጉሳ በመንቁሯ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ጦጢት ስታያት ደስ አላት።

«ውይ፣ ዋኒት! ግቢ፣ ግቢ! ምነው ጠፋሽ? ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናቸው። የእናንተስ?»

«ደህና ናቸው። ያ የክንፍሽ ውጋት ተሻለሽ?»

«ተሽሎኛል። የአያ ጦጣስ ወገብ?»

«ደህና ነው። በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?»

በእናንተ በኩል! አንድ ዛፍ ላይ እየኖሩ! ግን እንዲህ ነው የሚጠያየቁት፤ ምን ይደረግ። ጦጢት ከተወቀጠው ፍሬ በቅጠል አድርጋ አቀረበች።

«ቅመሺ።»

«ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ፣ ቅመሺ!»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«አፈር ስሆን!»

ዋኒት በሦስተኛው ነካ አደረገች። ይኼኔ አያ ጦጣ ዘነዘናውን ደገፍ ብሎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ «ዋኒት፣ ይኼ ሙቀጫችን አይረብሽሽም?» ብሎ ጠየቃት።

የዋኒት ልብ ዘለለ። ራሱ ጠየቃት እኮ! ልትነግረው የመጣችውን ነገር ራሱ አነሳላት። አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን «ኧረ ምን ቆርጦት! ይወቀጥ እንጂ!» የሚል ነው።

«የእውነት? ሕፃናቱ አይነቁም?»

«ኧረ እነሱማ እሽሩሩ የተባሉ ያህል ነው የሚተኙበት!»

እንዲህ አለችና አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ምን ጠበቀች? ሦስተኛውን ጥያቄ ነዋ! የተወቀጠውን ፍሬ ሁለቴ እምቢ ብላ በሦስተኛው ነው የቀመሰችው። ይህንንም ሁለቴ «ምንም አይደል» ብላለች፤ አያ ጦጣ አንድ ጊዜ ብቻ «በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ቢላት ልትነግረው ነው። ጩኸቱን፣ እባቡን፣ ጆሮዋን፣ ሁሉንም ልትነግረው ምላሷ ጫፍ ላይ አዘጋጅታዋለች።

አያ ጦጣ ግን «እንዲህ ከሆነስ ጥሩ!» አለና ዘነዘናውን አነሳ።

ዱም!

በእሱ አልፈርድም። ለምግብ ሦስቴ እንለማመናለን። እውነቱን ለማወቅ ግን ሦስቴ የሚለምን ማን አለ? ሁለቴ መጠየቁም ደግነቱ ነው።

ዋኒት ወደ ቤቷ ወረደች። ወለላ አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ነገርሻቸው?»

«በዘዴ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም አይደል አልኳቸው።»

ወለላ ሕፃን ናት፤ አልገባትም። እኔ ይኼው ፀጉሬ ሸብቷል፤ እኔም አልገባኝም።

በማግስቱ ዋኒት እህል ለመልቀም ስትወርድ ከዋርካዋ ሥር ባለው አቧራ ላይ ጠመዝማዛ መስመር አየች። እባብ እስከ ግንዱ ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ፣ አዳምጦ ተመልሷል። ሲመጣ አልሰማችውም። ሲመለስም አልሰማችውም።

አሁን ትናገራለች ትላላችሁ። አልተናገረችም። ጦጣዎቹ ውሃ ሊጠጡ ወደ ወንዝ እስኪወርዱ ጠበቀችና፣ ወደ ላይ ወጥታ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ልታነጋግር ሄደች። ከባለቤቶቹ ጋር ከመቀያየም ከዕቃዎቹ ጋር መነጋገር ቀለላት።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለች። «እንዲያው ካላስቸገርኳችሁ፣ ስትወቅጡ ትንሽ ቀስ ብትሉልኝ ብዬ ነበር።»

ዘነዘናው ወዲያው ኮራ አለ። «እኔን ምን አድርግ ትዪኛለሽ? እጅ ሲያነሳኝ እነሳለሁ፣ እጅ ሲጥለኝ እወድቃለሁ። የማዝ እኔ ነኝ እንዴ?»

ሙቀጫው ግን ሽማግሌ ነበር፤ ብዙ ቤት አይቷል፣ ብዙ ቅመም ውጧል። በጎርናና ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ አልወደድኩትም» አላት። «ቀኑን ሙሉ የምደበደበው እኔ ነኝ። ይኸው ‹ተው፣ ተው› እለዋለሁ። ነገር ግን የእኔ ቃል አንድ ብቻ ነው። ‹ተው› ብለውም ዱም ነው የሚሰማው፤ ‹አመመኝ› ብለውም ዱም ነው። አንቺ ምላስ አለሽ። ጦጣ ክፉ አይደለም፤ አያውቅም እንጂ። ሂጂና እቅጩን ንገሪው።»

«እንዴት ብዬ?»

«‹ሙቀጫው ልጆቼን እንዳልጠብቅ አደረገኝ፤ ወደዚያ ውሰድልኝ› በዪው።»

ዋኒት ደነገጠች። «እንዲህ አፍ አውጥቼ? በጎረቤት ላይ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ሙቀጫው ሳቀ። ሳቁም ምርር ያለ ነበር። «ነውር ነው ካልሽ ምን አደርግልሻለሁ» አላት። ጦጣዎቹ ሲመጡ ተሰማ። ዋኒት እንዳያዩዋት ብር ብላ ወረደች።

በሌላ ቀን እዚያው ቤቷ ውስጥ፣ ልጆቿ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ፣ ጥላዬ ክንፏን በመንቁሩ ጎተተ።

«እማ፣ ጠርቼሽ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«አሁን። ብዙ ጊዜ ጠራሁሽ፤ ዝም አልሽኝ።»

ጎኗ ያለ ልጅ ጠርቷት አልሰማችውም! ዋኒት እዚያው አለቀሰች። ጭንቅ ሲላት ወደ ውጭ አየች። ከእሷ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ከአቶ እስስት ቅርንጫፍ አጠገብ፣ የእባብ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ትኩስ ነው፤ ገና ሳይደርቅ። እዚያ ድረስ ወጥቶ፣ ያለ ምንም ስጋት ቆዳውን ገሽልጦ ወርዷል። በራሱ ቤት እንዳለ ሁሉ! ለሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቤቷ የቀረው የአንድ ክንድ መንገድ ነው።

በዚህ ጊዜ ዋኒት ቆርጣ ተነሳች። «ከዚህ በኋላ ዝም አልልም!» አለች።

ምን አደረገች? ሽማግሌ ላከች።

አባ ጉጉትን ለመነች፣ አቶ እስስትን ለመነች፣ አቶ ቁራን ለመነች። ሦስቱም በክብር መጥተው ደጇ ላይ ተቀመጡ። አባ ጉጉት ቀን ቀን እንቅልፍ ስለሚያስቸግራቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አቶ እስስት ዋኒት ግራጫ ስለሆነች እሳቸውም ግራጫ ሆነዋል። አቶ ቁራ ወደ ላይ፣ ወደ ጦጣዎቹ ማዕድ ያያሉ።

«አባቶቼ» አለች ዋኒት፣ «ነገሩ የሙቀጫው ጉዳይ ነው። እንዲያው ቅር ሳይላቸው፣ ቀስ አድርጋችሁ ብትነግሩልኝ። ከተቻለም እኔ እንደላክኋችሁ ባይታወቅ። እባቡ እኮ...»

«ገብቶናል፣ ልጄ፤ ገብቶናል» አሉ አባ ጉጉት። «ዝርዝር አያስፈልግም። ይህ በእኛ ይያዝ። አንቺ ብቻ ራቅ በይ። ሽማግሌ የላከ ሰው አጠገብ አይቆምም፤ ጆሮ ጣለች ያሰኛል።»

እውነት ነው፣ ደንቡ እንዲያ ነው። ዋኒት ልጆቿን አየቻቸው። «ቀን ነው፤ ዛፉ ላይ ሽማግሌዎች አሉ፤ ጦጣዎቹም አሉ፤ ምን ይመጣል?» አለች። ወለላንና ጥላዬን በደረቷ ላባ ዳበሰቻቸው። «መጣሁ» አለቻቸው። ሜዳውን ተሻግራ ራቅ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በሩቁ አየቻቸው። ጦጢት ብድግ ብላ ስትቀበላቸው አየች። አያ ጦጣ ቅጠል ሲያነጥፍላቸው አየች። ከዚያ ዘነዘናው ተነሳ።

ዱም! ዱም! ዱም!

እንዲህ ተወቅጦ አያውቅም! እንግዳ መጥቷል፤ ያውም ሽማግሌዎች። ባዶ ሆዳቸውን ይመለሱ? አያ ጦጣ ይወቅጣል፣ ሲደክመው ጦጢት ትቀበላለች፣ ሲደክማት ልጆቿ ይቀበላሉ። ዱም! ዱም! ዱም! ዋርካዋ ከሥሯ ተንቀጠቀጠች። ቁጥቋጦው ላይ ያለችው ዋኒት እንኳ ጆሮዋን አማት።

«ልመለስ ይሆን?» አለች። «ተይ፣ ነገሩን አታበላሺ» አለች ለራሷ። «ጆሮ ልትጥል መጣች ይሉሻል።» ጠበቀች። ዱም! «ልመለስ?» «ትንሽ ታገሺ፤ ሽማግሌ አይቸኩልም።» ጠበቀች። ዱም! «ልጆቼስ?» «ይኸው አሁን ይነግሩታል።» ጠበቀች።

ድንገት ሙቀጫው ዝም አለ።

ጸጥ! ዋኒት የራሷን ትንፋሽ ሰማች። የወንዙን ውሃ ሰማች። እንደዚህ ዓይነት ጸጥታ ከሰማች ቆይታለች። «ነገሩልኝ!» አለች። «እግዜር ይስጣቸው፣ ነገሩልኝ! በጨዋ ደንብ አለቀልኝ!» ክንፏን አማታች፣ ከቁጥቋጦው ተነሳች፣ ሜዳውን ደስ ብሏት በረረችው። ለልጆቿ የምትላቸውን እያሰበች ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ወለላ የለችም። ጥላዬም የለም። ጎድጓዳው ውስጥ ብናኝ ብቻ አለ። ወደ ታች ስታይ፣ እባብ መሐሉ አብጦ፣ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይቸኩል ከግንዱ እየወረደ ነው። «ሽርርር» ይላል። አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ዋኒት ጮኸች። ዛፉ ሁሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ዱቄት እንደነካው ወጡ። ለካ ሙቀጫው ዝም ያለው ለአያ ጦጣ ተነግሮት አይደለም፤ ማዕዱ ቀርቦ ነው።

አያ ጦጣ እየዘለለ ወረደ። እጁ ገና ዱቄት ነው። ነገሩ ሲገባው ደረቱን መታ። «እንዴት አልሰማሽም? አንቺ እኮ ይህን እባብ ከሥር ጀምረሽ ነበር የምትሰሚው!»

ዋኒት በስተመጨረሻ፣ ልጆቿ ከሞቱ በኋላ፣ ተናገረች። «ሙቀጫው ነው። ሙቀጫው ሲወቀጥ አልሰማም። ከመጣ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም።»

አያ ጦጣ ጮኸ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ! ሁለቴ ጠይቄሽ ነበር! እሽሩሩ ነው አላልሽኝም?»

«ዛሬ ሽማግሌ ልኬባችሁ ነበር።»

«ሽማግሌ?» ጦጣ ወደ ሦስቱ ዞረ። «እናንተ በሽምግልና ነበር የመጣችሁት? ልትጠይቁን መስሎን እኮ ነው! መልእክቱ ምን ነበር?»

አባ ጉጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳን ድሮ ይህቺ ዋርካ ጸጥተኛ ነበረች ብዬ ጀምሬ ነበር። ብልህ ሰው ይገባዋል ብዬ።»

«እኔ አባ ጉጉት ተናግረው የጨረሱ መስሎኝ ‹ልክ ነው› ብዬ ደገፍኩ» አሉ አቶ እስስት። አሁን የጦጣ ቀለም ነበሩ።

«የእኔ አፍ ሞልቶ ነበር» አሉ አቶ ቁራ።

ጦጢት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አያ ጦጣም አለቀሰ። የእውነት ነበር ያለቀሰው። «ዋኒት፣ አንድ ቃል!» አላት። «አንድ ቃል ብትይን ወንዝ ዳር አውርደን እዚያ እንወቅጥ ነበር። ለእኛ ምን ገዶን!»

ይህን እንዳለ ተነሳ። ሙቀጫውን በዚያው ሐረግ አሰረ። እሱ ከላይ ያዘ፣ ልጆቹ ከታች ተቀበሉ፤ አወረዱት። እያንከባለሉ ወንዙ ዳር ወስደው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ተከሉት። ሥራው ሁሉ አንድ ጫጩት አንዴ አሸልቦት እስኪነቃ እንኳ አልፈጀም። እዚያ ሲወቀጥ ዋርካዋ ድረስ የሚሰማ ነገር የለም። እንዲህ ቀላል ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደየቅርንጫፋቸው ገቡ። ዋርካዋ ጸጥ አለች። ዋኒት ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ጸጥታ መጣ። ቅጠል ሲወድቅ ትሰማለች። ጉንዳን ቅርፊቱ ላይ ሲሄድ ትሰማለች። አባ ጉጉት በእንቅልፋቸው ሲያጉረመርሙ ትሰማለች። ጆሮዋ እንደ ድሮው ሆነ። የሚጠበቅ ነገር ግን ቤቷ ውስጥ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ «ሽርርር» የሚል ድምፅ ከሥር ሰማች። ገና ከአቧራው ላይ ሲነሳ ነው የሰማችው። አልጮኸችም። ክንፏን አላማታችም። ለማን ብላ? እባቡ ወጣ፣ ወጣ፣ ደጇ ላይ ደረሰ። አንገቱን ወደ ጎድጓዳው አስገብቶ ባዶውን አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ዋኒት?» አላት። «ደህና ነሽ ወይ?»

ዋኒትም አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር ይመስገን» አለችው። «ደህና ነኝ።»

ይህን ተረት ባወራሁ ቁጥር እዚህ ቦታ ስደርስ ደሜ ይፈላል። የልጆቿን ገዳይ እኮ ነው! ጨዋነት ይሉታል ይህንን። እኔ ምን እንደምለው ቃል አጣለታለሁ።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦውን ለራሳችሁ አቆዩት፤ ዛሬ አፌን አላብስበትም። ከራሳችሁ በላይ የሚወቅጥ ካለ ግን ዛሬውኑ ተነሱ፣ ውጡ፣ በሩን አንኳኩ፣ ሰላምታውን አሳጥሩና እቅጩን ንገሩት። ሲጠይቋችሁ የዋጣችሁትን ቃል ለቅሶ ላይ ብትተፉት፣ የሄደውን አይመልስላችሁም።